ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤትን ሲጠይቅ እንዴት ይከታተሉታል?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ማብራሪያ ሲሰጡ ብዙ ሰው ይከታተላል። የመንግሥት ሥራ በዝርዝር የሚፈተሸው ግን ብዙም ተመልካች በሌለው የቋሚ ኮሚቴ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶችን የሚከታተል የፓርላማ አባላት ቡድን፣ ስብሰባ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ተሰጥቶታል።

መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን የሚከታተለው የትኛው ኮሚቴ እንደሆነ ይለዩ። ዕቅዱንና የአፈጻጸም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያ ኮሚቴ ነው። ጉዳዩ ገንዘብ ከሆነ ግን የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይከታተሉ። ለእኔ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ኮሚቴው ይዞ የሚቀርበው መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈውን ሳይሆን የመንግሥትን ሂሳብ የሚመረምረውን የዋና ኦዲተርን ግኝት ነዋ።

ቀጥሎ ግኝቱን ያንብቡ። የሂሳብና ሕጋዊነት ኦዲት ገንዘቡ በሕግና በመመሪያ መሠረት መውጣቱን ያያል። የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ሥራው ውጤት አምጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። «ያልተወራረደ ሂሳብ» የሚል ካዩ፣ ብሩ ወጥቷል፣ ማወራረጃው ግን አልቀረበም ማለት ነው። የግድ ተሰርቋል ማለት አይደለም። ግን መጠየቅ አለበት።

ከዚያ መልሱን ያዳምጡ። «ክፍተት ነበር»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «በቀድሞው አመራር ጊዜ የተፈጸመ ነው» የሚሉት መልሶች መቼም አይጠፉም። ጎበዝ የኮሚቴ አባል እዚህ ላይ አይለቅም፤ «መቼ ያልቃል? ማን ተጠየቀበት?» ይላል። እርስዎም ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጠውን መልስ ይጻፉ። ኮሚቴው ራሱ ኃላፊ አያባርርም፣ አያስርም። አቅጣጫ ይሰጣል፣ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል፣ ከባሰ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሕግ አካላት እንዲሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀን ያልተቆረጠለት አቅጣጫ ከሰሙ ብዙ አይጠብቁ።

የመስክ ምልከታም አለ። አስቀድሞ የተነገረ ጉብኝት ከሆነ ግን ብዙ አያስደንቀኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል። ማስታወሻዎን እስከዚያ ያቆዩት። አዲሱ የኦዲት ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ያው መሥሪያ ቤት በዚያው ግኝት ተደግሞ እንደሆነ ነው።