ቤንዚን ቤንዚን የሚል መኪና፦ የትነት ማምለጫን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በሩ ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከሥር ጠብታ የለም። ኮፈን ተከፍቶ ቢታይም እርጥብ ነገር የለም። ከዚያ ግምቱ ይጀመራል። አንዱ ካርቡሬተር ነው ይላል። ሌላው ፓምፕ ነው ይላል። ሦስተኛው "አቦ፣ አሮጌ መኪና ነው፣ ይሸታል፣ ተወው" ይላል።

የሚተው ነገር አይደለም። ትነት ፈሳሽ በማይወጣበት ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ ጠብታ አለመኖሩ መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም። ጊዜና ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚባክነው በጥገናው ሳይሆን በፍለጋው ላይ ነው።

"የት ይሸታል?" ብሎ መጀመር

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አፍንጫ ቦታን በደንብ አይለይም። ኮፈን ሥር የወጣ ትነት ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው አየር መግቢያ ይገባና ከክሩስኮት የመጣ ይመስላል። ታንከሩ አካባቢ የወጣው ደግሞ ባረጀው የኋላ በር ጎማ ሾልኮ የሾፌሩ አፍንጫ ድረስ ይመጣል። የሚሸትበትን ቦታ ይዞ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የሚጠቅመው ጥያቄ "መቼ ይሸታል?" ነው።

ታንከሩ ሲሞላ ብቻ ሸትቶ፣ ነዳጁ ግማሽ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከታንከሩ በላይኛው ክፍል ነው። የመሙያው አንገት ጎማ፣ ክዳኑ፣ ወይም የነዳጅ መለኪያውና ፓምፑ የሚገቡበት ክዳን ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው በብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ወንበር ሥር ስለሚገኝ ወንበሩን አንስቶ ማየት ብቻ ይበቃል።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ቆይታ የሚሸት ከሆነ ካርቡሬተሩን ይጠርጥሩ። ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተናል። እንደ ፔጆ 404 ባለ መኪና ላይ ትንሽ ሽታ ያለ ነው። ግቢውን የሚያውድ ከሆነ ግን ተንሳፋፊው ወይም የነዳጅ መዝጊያው መርፌ አልያዘም ማለት ነው።

ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሸትቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ የደረቀ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ) ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ይገጥማል።

ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚሸትም አለ። የእኛ ሰው ይህን ልብ አይለውም እንጂ በነፃ የተሰጠን መሞከሪያ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደንገጎ ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ደርሰዋል። ከፍታው ሲጨምር የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ በድሬ ሙቀት ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመው ትነት ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ታች ሆኖ ዝም ያለ ቀዳዳ ከፍታው ላይ ሲደርስ ይሸታል። ወደ ሐረር ሲሄዱ መስታወቱን ዘግተው ሽታው የት ላይ እንደጀመረ ይያዙ። መካኒኩ ጋ ሲደርሱ ይህ መረጃ ከግምት ሁሉ ይበልጣል።

አፍ ድረስ መሙላት

ነዳጅ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም ይህን የማያደርግ የለም። ማደያው ላይ ማሽኑ "ቀጭ" ብሎ ከቆመ በኋላ "ትንሽ ጨምርልኝ" ይባላል። ቤንዚን በየዲግሪው ሙቀት በሺህ አንድ ያህል ይሰፋል። 50 ሊትር የያዘ ታንከር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ታንከሩ ላይ ክፍት የሚተወው ቦታ ለዚህ ነው። እሱን ከሞላነው ፈሳሹ የትነት ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም የከሰሉን ቆርቆሮ ያጥለቀልቀዋል። ቆርቆሮው የተሠራው ትነት እንዲይዝ ነው፤ ፈሳሽ ከገባበት ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

እንግዲህ ሽታው ሁልጊዜ ከሞሉ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ዕቃ ከመቀየር በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽኑ ሲቆም አቁመው ይዩት። ወጪ የለውም።

ክዳኑን መብሳት

ክዳን ሲከፈት "ፍስስ" ካለ መኪናው ታሟል ብሎ የሚበሳ አለ። ተዉ። ዝግ በሆነ ሥርዓት ላይ ትንሽ ትንፋሽ መኖሩ ጤና ነው። ክዳኑን ሲበሱት ትነቱን ራስዎ ለቀቁት ማለት ነው።

ተቃራኒውም ያስቸግራል። የድሮ መኪኖች ክዳን አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ አለ። እሱ ጠፍቶ ከሌላ መኪና የመጣ ድፍን ክዳን ሲገጠም፣ ነዳጁ ሲቀንስ ታንከሩ አየር ያጣል። መኪናው መንገድ ላይ ይንተፋተፍና ይቆማል። ክዳኑ ሲከፈት ይነሳል። ይህን አይተው ፓምፕ የቀየሩ አሉ። ፌስታል አጣጥፎ ክዳን ላይ መጠቅለልም ቤንዚን ፕላስቲኩን ስለሚያበላሸው ዕድሜ የለውም።

የጎሚስታ አየር

ማምለጫውን ለማግኘት ታንከሩን በኮምፕሬሰር መንፋት ፈጣን ይመስላል። የትነት ሥርዓት ግን እጅግ ዝቅተኛ ግፊት ነው የሚያውቀው። የጭስ መሞከሪያ ማሽን እንኳ የሚሠራው ከአንድ ፒኤስአይ በታች ነው። ጎማ የሚነፋ አየር ታንከሩን ያሳብጣል፣ ደህና የነበረውን መገጣጠሚያ ይከፍታል። አንድ ቀዳዳ ፈልገው ሦስት ይዘው ይመለሳሉ።

ጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ነጭ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ያስታውቃል። ካልተገኘ በኦሞ አረፋ መገጣጠሚያዎቹን እየቀቡ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ሞቆ ታንከሩ በራሱ ጊዜ ሲገፋ ማየት ይቻላል። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መብራትና እሳት

ይህን ማንም ያውቃል፣ ግን ይዘነጋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ ጉድጓድ ባለው ጋራዥ ውስጥ ታች ይተኛል። ሥራውን ውጭ፣ አየር ባለበት ያድርጉት። አምፖል ያለው የድሮ ተንጠልጣይ መብራት ቢሰበር በቂ ብልጭታ አለው፤ የባትሪ ገመድም ሲነቀል ብልጭ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው አየር እንዲያገኝ ያድርጉ፣ ባትሪው ከዚያ ይነቀላል። ሲጋራ የያዘ ሰው ይራቅ፤ ባለቤቱም ቢሆን።

አንድ ቱቦ ቀይሮ መተው

የሚታየው ቱቦ ሲሰነጠቅ የማይታየውም እኩል ዕድሜ አለው። ከታንከሩ በላይ ያለው አጭር ቱቦ ታንከሩ ካልወረደ አይታይም፣ ስለዚህ አይቀየርም። ያደክማል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው። ቱቦውን ሲያዩ ቀጥ ብሎ እንዳለ አይዩት። ጎንበስ አድርጉት፤ ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል።

ለውኃ የሚሆን ጎማ መግጠም ሌላው ነው። ቤንዚን ያሳብጠውና ያለሰልሰዋል። የነዳጅ ቱቦ ላይ ብዙ ጊዜ ደረጃው ይጻፋል፦ ጄ30 አር7 ለካርቡሬተር፣ አር9 ለኢንጀክሽን። አር7ን ኢንጀክሽን ላይ መግጠም ለእሳት መጋበዝ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የድሮ ሜካኒካል ፓምፕ ያለው መኪና ካለዎት የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተው ያሽቱ። የፓምፑ ዲያፍራም ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ካለ መኪናውን አይንዱት።

ጀሪካኑ

አንዳንዴ መኪናው ምንም የለበትም። ኋላ ላይ ለመጠባበቂያ የተያዘ ቤንዚን በሃይላንድ ወይም በጀሪካን ተቀምጧል። መጀመሪያ ይህንን ያውርዱና መኪናውን አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ለነገሩ ድሬ ሙቀት ውስጥ ይህ ከማንኛውም ቀዳዳ የባሰ አደጋ ነው።

ኮምፒውተሩን እንደ ዳኛ መቀበል

ካርቡሬተር ያለው መኪና ላይ ይህ ጉዳይ የለም። ቼክ ኢንጂን ባለው ላይ ግን ፒ0442 ወይም ፒ0455 የሚል የብልሽት ኮድ ሲወጣ "ክዳን ነው" ይባልና ክዳን ይገዛል። ኮዱ የሚናገረው ሥርዓቱ ትነት እንደማይይዝ ብቻ ነው። ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0455 ትልቅ ማምለጫ ነው። የቱ ዕቃ እንደሆነ አይልም። ክዳንም፣ ቱቦም፣ ተከፍቶ የቀረ የትነት ማስወጫ ቫልቭም (ትነቱን ከከሰሉ ቆርቆሮ ወደ ሞተሩ የሚለቀው) ሊሆን ይችላል። ከሞሉ በኋላ መኪናው በቀላሉ አልነሳ ካለና ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከተዘበራረቀ ቫልቩን አስቀድመው ያስፈትሹ።

ኮዱን ካጠፉ በኋላ ወዲያው "ተስተካከለ" አይበሉ። በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ይህን ፈተና የሚያደርገው ታንከሩ በጣም ሳይሞላ፣ በጣምም ሳይጎድል፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ግማሽ ነዳጅ ይዘው፣ ጥቂት ቀን በጠዋት ከቀዝቃዛ አስነስተው ይንዱት። መብራቱ ካልተመለሰ ያኔ ሒሳቡን ይክፈሉ።