የኮኮናት ዘይትን «ለጤና» ሲሉ የሚሠሩ ስህተቶች

የሚረጋ ዘይት ሸሽቶ የኮኮናት ዘይት መግዛት

በኛ ገበያ የፓልም ዘይት የሚታማው «ይረጋል፣ ደም ሥር ይደፍናል» እየተባለ ነው። ይህን ፈርቶ የሱፍ ዘይት ፍለጋ ሲዞር የሚውል ሰው ግን ሱፐርማርኬት ሲገባ ነጭ ሆኖ የረጋ የኮኮናት ዘይት አንስቶ ውድ ዋጋ ይከፍልበታል። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ሳቹሬትድ የተባለው ስብ በፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህል ነው፤ በኮኮናት ዘይት ውስጥ ከ80 በመቶ ያልፋል። ቅቤ እንኳ እዚያ አይደርስም። መቅለጡም አያታልላችሁ፦ 24 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ፣ አዲስ አበባ ላይ ጠጣር የነበረው ብልቃጥ ድሬዳዋ ሲወርድ ውሃ ይመስላል። ስቡ ግን ያው ስብ ነው።

«ኮሌስትሮል የለውም» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ መዝናናት

ጽሑፉ አልዋሸም። ኑጉም ሰሊጡም ሌላውም የተክል ዘይት ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ፣ ጉበት ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም የማጽዳት አቅሙ ይቀንሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 16 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል። እንደ አኩሪ አተርና ወይራ ካሉ ዘይቶች ጋር ሲነጻጸር፣ የኮኮናት ዘይት ኤልዲኤልን በዴሲሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ከፍ ያደርጋል።

«ጥሩውንም ይጨምራል እኮ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ 4 ሚሊግራም ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ጥሩውን ኮሌስትሮል ከፍ እንዲያደርጉ ታስበው የተሠሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ድንገተኛ የልብ ሕመምን ሳይቀንሱ ቀርተዋል።

መጠኑንም እንየው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 13 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ብቻውን ወደ 12 ግራም ይጠጋል። ጠዋት ቡና ላይ ማንኪያውን ከጨመራችሁት የቀኑ ድርሻ ከምሳ በፊት ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ለመክሳት ብሎ መጠጣት

ወሬው የመጣው ለመክሳት ይረዳል ከተባለለት ኤምሲቲ ከሚባል ዘይት ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ማሪ ፒየር ሴንት ኦንጅ ሙከራ ያደረጉበት ዘይት ሆን ተብሎ ሙሉ በሙሉ መካከለኛ ርዝመት ካላቸው የስብ ሰንሰለቶች የተሠራ ነበር። በተራው የኮኮናት ዘይት ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ ስቦች 15 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ግማሹን የሚይዘው ሎሪክ አሲድ ደግሞ በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ስብ ነው የሚፈጨው። ማንኪያው 120 ካሎሪ ነው፤ ማን በዚህ ይከሳል?

«የደሴት ሰዎች ይበሉት የለ!» ማለት

የፓሲፊኮቹ ቶኬላውና ፑካፑካ ነዋሪዎች ልብ ሕመም እንደማይበዛባቸው በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መዝግቧል። የሚበሉት ግን ከነሥጋው ኮኮናቱን ነበር፤ ዓሣም አይለያቸውም፣ የፋብሪካ ምግብም ብዙ አልገባባቸውም። ደግሞ ኮኮናት አብዝተው የሚበሉት ቶኬላዎች ከፑካፑካዎቹ የበለጠ ኮሌስትሮል ነበራቸው። ይህችን ግን ማንም አያነሳትም።

በጾም በቅቤ ፋንታ ማስገባት

የጾም ወጥ እንደ ፍስኩ ይጣፍጥ ተብሎ ይጨመራል። ለጣዕም ከሆነ አልቃወምም። ለጤና ከሆነ ግን ከቅቤ ያረፈውን ልብ መልሶ ማድከም ነው። ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ አሉ አይደል?

መድኃኒት አቁሞ በእሱ መተካት

የኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ይህን እንዳያደርግ። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

«መርዝ ነው» ብሎ መጣል

በ2018 እ.ኤ.አ. ካሪን ሚሸልስ የተባሉ ፕሮፌሰር ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ላይ ባደረጉት ንግግር የኮኮናት ዘይትን ንጹሕ መርዝ ብለውት ዓለም ሁሉ ተንጫጫ። ተጋኗል። አልፎ አልፎ ኬክ ውስጥ የገባ ማንኪያ ማንንም አይገድልም። ጸጉር ላይ ደግሞ ሙያ አለው፦ ወደ ጸጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ሲታጠብ የሚባክነውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ቢሮ መግባት ለሚያስቸግራት ሴት ሽታው ቀለል ያለ አማራጭ ነው። ለደረቀ ቆዳም ይሆናል። ብጉር የሚያስቸግራችሁ ግን ፊታችሁን ባትቀቡት ይሻላል፣ የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል።