የደን ሳይንስ ማስተርስ በአሜሪካ፦ ከፎርሙ በፊት ፕሮፌሰሩን ፈልጉ

ከወንዶ ገነት፣ ከጅማ፣ ከሐረማያ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በደን፣ በተፈጥሮ ሀብት ወይም በአካባቢ ሳይንስ ተመርቃችሁ አሜሪካ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ትሠራላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ኡበር ትነዳላችሁ። እኔም ሁለት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቻለሁ። በዚያ ሥራ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። የሚያሳዝነኝ "የእኛ ዲግሪ እዚህ አይሠራም" የሚለው ወሬ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይሰማል፣ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። ወሬው ልክ አይደለም። በደንና በአካባቢ ሳይንስ እየተከፈላችሁ ማስተርስ የምትማሩበት መንገድ አለ።

አገር ቤት ማስተርስ ስንፈልግ የምናመለክተው ለትምህርት ክፍሉ ነው። ፈተና እንፈተናለን፣ ውጤት ይለጠፋል፣ አማካሪ የሚመደብልን በኋላ ነው። እዚህ ጥናት የሚሠራበት ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አማካሪው ቀድሞ ይመጣል። ፕሮፌሰሩ ከመንግሥት ወይም ከሌላ ቦታ የጥናት ገንዘብ ያገኛል፣ በዚያ ገንዘብ ተማሪ ይቀጥራል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል። በምትኩ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይሸፈንለታል፣ አበልም ያገኛል። ይህ ሪሰርች አሲስታንትሺፕ ይባላል። ትምህርት ክፍሉ ራሱ ላብራቶሪ እንድትመሩ ወይም ፈተና እንድታርሙ ሲቀጥራችሁ ደግሞ ቲቺንግ አሲስታንትሺፕ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። በመጀመሪያው ዓመት ለአምስት ትምህርት ቤቶች ፎርም ሞላሁ፣ ለእያንዳንዱ የማመልከቻ ከፈልኩ፣ ለአንድም ፕሮፌሰር አልጻፍኩም። አራቱ አልተቀበሉኝም። አምስተኛው ተቀበለኝ፣ ግን ያለ ምንም ገንዘብ። ደብዳቤውን ይዤ አለቀስኩ። ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። ፋይሌን አንስቶ "ይህችን ተማሪ እፈልጋታለሁ" የሚል ሰው ስላልነበረ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከፎርሙ በፊት ኢሜይል መጻፍ ጀመርኩ፣ ሁሉም ነገር ተለወጠ።

ከዚያ በፊት ግን የዲግሪውን ዓይነት ለዩ። ኤም ኤስ የሚባለው ጥናታዊ ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ገንዘቡም በብዛት ያለው እዚያ ነው። ሌላው ለሥራ የሚያዘጋጅ፣ በኮርስ የሚያልቅ ማስተርስ ነው። ለምሳሌ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሲራክዩስ ከተማ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ኢኤስኤፍ የሚባል የአካባቢ ሳይንስና የደን ኮሌጅ አለ። የግዛቱ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ኤም ኤሱንም በኮርስ የሚያልቀውንም ይሰጣል። በኮርስ የሚያልቀው ቶሎ ያልቃል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አመልክተው ሂሳቡ ሲመጣ የደነገጡ ልጆች አውቃለሁ። (ሲራክዩስን የምትመርጡ ደግሞ ካፖርት አዘጋጁ። የዓመቱ በረዶ ቢደመር በአማካይ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል።)

ሩቅ መሄድ ግን የግድ አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች አጠገብ ጥሩ የደን ትምህርት ቤቶች አሉ። ሲያትል ያላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የአካባቢና የደን ሳይንስ ትምህርት ቤት እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው የደን ሀብት ትምህርት ክፍል ሴንት ፖል ነው ያለው። ዴንቨርና ኦሮራ ላላችሁ ኮሎራዶ ስቴት ፎርት ኮሊንስ ነው። ቨርጂኒያ ላላችሁ ቨርጂኒያ ቴክ ብላክስበርግ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ አራት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ግሪን ካርድ ኖሯችሁ በአንድ ግዛት ብዙውን ጊዜ 12 ወር ከኖራችሁ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትከፍሉት እንደ ግዛቱ ነዋሪ ነው። ልዩነቱ ከባድ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውላችሁን፣ የግብር ወረቀታችሁንና የመታወቂያችሁን ቀን በጥንቃቄ ያዙ። በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ተማሪ ይህን መብት አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም።

ፕሮፌሰር የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ የትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ምን እንደሚያጠና እዚያ ተጽፏል። ሁለተኛው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚያስተዳድረው የተፈጥሮ ሀብት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በነፃ ይታያል። ገንዘብ ይዘው ተማሪ የሚፈልጉ ፕሮፌሰሮች ከመላው አሜሪካ እዚያ ያስተዋውቃሉ። በየሳምንቱ ግቡበት።

አሁን ኢሜይሉ። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ሰላምታው ይረዝማል፣ "ከሁሉ አስቀድሜ" እንላለን፣ ሰውየውን እናከብራለን። እዚህ ግን ፕሮፌሰሩ በሁለት ስብሰባ መሀል ስልኩ ላይ ነው የሚያነበው። ዶክተር ብላችሁ በቤተሰብ ስሙ ጥሩትና በቀጥታ ግቡ። ማን እንደሆናችሁና ምን እንዳጠናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ከጽሑፎቹ አንዱን በእርግጥ አንብባችሁ የትኛው ሐሳብ እንደሳባችሁ ጻፉ። ከዚያ የሠራችሁትን በቁጥር አስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ለሚቀጥለው ፎል ተማሪ ይቀበል እንደሆነና የገንዘብ ድጋፍ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ይጠብቁታል። ሲቪ አያይዙ። ሁለት ሳምንት ዝም ካለ አንዴ አስታውሱት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። አንድ ኢሜይል ገልብጦ ለሃያ ሰው መላክ ግን አይሠራም። ወዲያው ያውቁታል።

"የሠራችሁትን በቁጥር" ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሱ የሚጽፈውን ስቴትመንት "ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ" ብሎ ይጀምርና እውነተኛውን ሀብቱን ይደብቃል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ በተደረገ ተራራ ላይ የወይራና የጽድ ችግኝ ቆጥራችኋል? ስንት ፕሎት (የናሙና ቦታ)? በስንት ወር? ችግኝ ጣቢያ ሠርታችኋል? የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆናችሁ ከገበሬ ጋር እርከን አውጥታችኋል? እዚህ ብዙ ተማሪ ይህን መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው የሚያየው። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በዋናነት ከቀሩት ጉቶዎች እንዲያገግም ተደርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የብዙ ዓለም አቀፍ ጥናት ርዕስ ናቸው። ከዚያ ምድር መጥታችሁ ምንም እንደማያውቅ ሰው አትጻፉ። የጎደላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ነው። የካርታ ሥራው ኪው ጂአይኤስና የስታቲስቲክሱ አር ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ከሥራ መልስ በሳምንት ሁለት ምሽት ስጧቸው።

ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚወስደው አገር ቤት ያለው ነው። ኮስት ሼሪንጋችሁን ካልከፈላችሁ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት ያስቸግራል። በቴምፖና በስቱደንት ኮፒ ብቻ የመጣችሁ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና መላክ ይኖርባችኋል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ነው የሚሠራው። ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ጀምሩ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ የስማችሁ ፊደል ከፓስፖርታችሁ ወይም ከግሪን ካርዳችሁ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ። ሁለተኛ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉላቸው፤ አለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የቆያችሁ ይመስላል። ውጤታችንም በ4 ነጥብ ስለሆነ ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ብዙዎቹ ቢያንስ 3.0 ይፈልጋሉ። ትንሽ ከጎደላችሁ ግን የሚፈልጋችሁ ፕሮፌሰር ሊከራከርላችሁ ይችላል። የውጭ አገር ዲግሪ በሚገመግሙ፣ እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ባሉ ድርጅቶች ለማስገምገም ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ይጠይቅ እንደሆነ አረጋግጡ። አንዳንዱ ከተቀበላችሁ በኋላ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ፈተናውን አንዳንዶች፣ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ መማራችሁን ሬጅስትራሩ በደብዳቤ ካረጋገጠ፣ ይተዉላችኋል። ጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያውንም እንዲተዉላችሁ ጠይቁ።

የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው። የቀድሞ መምህራችሁን ለመደወል አትፈሩ፤ ተማሪያቸው ሲሳካለት ደስ ይላቸዋል። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል። ደብዳቤውን እንዲያስገቡበት ከትምህርት ቤቱ የሚላክላቸው ሊንክም ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ካላቸው በጂሜይል ፈንታ እሱን ስጡ። አንዱ ደብዳቤ እዚህ አሜሪካ ካለ አለቃችሁ ቢሆን አይከፋም። የእኔ አለቃ ስለ ሰዓት አክባሪነቴ ጽፎልኛል።

ቀኑን በእኛ በዓላት ያዙት። ለእንቁጣጣሽ ኢሜይል መላክ ጀምሩ፤ በሰመር ፕሮፌሰሮቹ ጫካ ውስጥ ናቸው። ማመልከቻው ብዙ ቦታ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ስለሚዘጋ ለኅዳር ጽዮን ጨርሱ።

ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ግሪን ካርድ ላለው ክፍት ነው፤ ለማስተርስ ግን በዋናነት የሚሰጠው ብድር ነው። ስለዚህ አሲስታንትሺፑ ይቅደም። ግሪን ካርድ ያላችሁ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕን እዩ፤ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፣ ማመልከትም ያለባችሁ በትምህርቱ መጀመሪያ አካባቢ ነው። በኤፍ-1 ያላችሁ ደግሞ በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ የምትሠሩት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

የገንዘብ ድጋፍ ያለው ደብዳቤ ሲመጣ ወዲያው "እሺ" እንድትሉ የሚያጣድፋችሁ ሊኖር ይችላል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ በእሱ መሠረት እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የማሰብ ጊዜ አላችሁ። በዚያ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የጤና ኢንሹራንስ ተካቷል ወይ፣ ከትምህርት ክፍያው ውጭ የሚከፈል ልዩ ልዩ ፊ ስንት ነው፣ በሰመር አበሉ ይቀጥላል ወይ። ከፕሮፌሰሩ የአሁን ተማሪዎች ለአንዱ ደውላችሁ አነጋግሩ። መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ እስከ ነሐሴ አውጡ፤ የናሙና ቦታዎቹ ከከተማ ሩቅ ናቸው፣ የዩኒቨርሲቲውን ፒካፕ የሚነዳው ተማሪው ራሱ ነው።