የድሮ ሱቅ አድሳችሁ ችግኝ ለምትሸጡ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሌላ የጎጃም ከተማ ላይ የድሮ የጭቃ ሱቅ አድሳችሁ ችግኝ ማፍያና መሸጫ ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ከአበባው በፊት ስለ ውሃው አስቡ። ችግኝ በየቀኑ ይጠጣል፣ የጭቃ ግድግዳ ግን እርጥበት አይችልም። ችግኞቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ፣ ወለሉንም ወደ ጓሮ ትንሽ አዘንብሉት።

ግድግዳው ተሰነጠቀ ብላችሁ ደግሞ በሲሚንቶ እንዳትለስኑት፣ እለምናችኋለሁ! ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከዚያ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱም ከውስጥ እየበሰበሰ ይሄዳል፣ እናንተ የምታውቁት ልስኑ መውደቅ ሲጀምር ነው። ጭቃና ጭድ አቡክታችሁ ለስኑት፣ ከላይ ኖራ ቀቡት።

ፎቅ ካለው አፈር ወደ ላይ አታውጡ። 1 ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ወደ 2 ቶን ሊጠጋ ይችላል።

ለብርሃን ከጓሮ በኩል ጥቂት ቆርቆሮ አንስታችሁ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተኩበት። የፊቱን የእንጨት በር ግን አትንኩት፣ የቤቱ ውበት እሱ ነው። ቡና ጥላ ስለሚወድ በረንዳው ስር ይሁን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ፀሐይ ያግኙ።

አሸንዳም አትርሱ። 50 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ወደ 500 ሊትር ውሃ ነው፣ በርሜል ደቅኑለት።