ትልቁን ውሻ ሳያማክሩ ቡችላ ማስገባት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

«ዶክተር፣ ጃክ ቀንቶ ቡችላውን ሊበላብን ነው። ልጆቹ ደግሞ ወይ ጃክ ይሰጥ ወይ እኛ እንውጣ እያሉ አስጨነቁኝ።»

የደወሉልኝ እዚሁ አዲስ አበባ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሻ ሳክም ብዙ ዓመት ስለሆነኝ፣ ገና ሳልደርስ የማገኘውን አውቄዋለሁ። ደረስኩ። ያው ነው። ጃክ፣ የሰባት ዓመቱ ውሻ፣ በሩ አጠገብ በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣሩ አልቆ መሬቱ ክብ ሠርቷል። ሦስት ወር ያልሞላው ቡችላ ደግሞ ተፈትቶ ግቢውን ይፈነጭበታል። እኔ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዘሎ ክቡ ውስጥ ገባና የጃክን አጥንት ነከሰ። ጃክ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አጉረመረመ። እትዬ መጥረጊያውን ብድግ አድርገው ጃክን በእንጨቱ ወገቡን አሉት።

«አዩት ዶክተር?»

አየሁት እንጂ!

ሌሎቹን ስህተቶች በአጭሩ ላልፋቸው እችላለሁ። ትልቁን አስሮ ትንሹን መፍታትን ግን ዝም ማለት አልችልም። ውሻ የማይወደው ነገር ሲመጣበት በመጀመሪያ ተነስቶ ይሄዳል። መሄጃ ካጣ ያስጠነቅቃል፦ ዓይኑን ያፈጣል፣ ከንፈሩን ይገልጣል፣ ያጉረመርማል። ያም ካልሠራ ይነክሳል። እናንተ መሄዱን በሰንሰለት ከለከላችሁት። ማስጠንቀቁን በመጥረጊያ ከለከላችሁት። ምን ቀረው? አንድ ቀን ድምፁን ሳያሰማ ቡችላውን አንገቱን ይይዘዋል። ያኔ «ምን እንደነካው እንጃ፣ ድንገት ተለወጠ» ትሉኛላችሁ። ምንም አልነካውም። ሲናገር ከርሞ ዝም ያሰኛችሁት እናንተ ናችሁ።

ትልቁ ሲያጉረመርም ለትንሹ «እዚህ ጋ ይበቃሃል» እያለው ነው። ቡችላው ሰምቶ ወደ ኋላ ካለ ወይም በጀርባው ከተንጋለለ ጉዳዩ አለቀ፣ እናንተ ቡናችሁን ጠጡ። አሳድዶ ካስጮኸው፣ ወይም ቡችላው እጅ ሰጥቶም ካልተወው፣ ያኔ ግቡ። ስትገቡም ቡችላውን አንሱት እንጂ ትልቁን አትምቱት። መከለል ያለበት ካለ የሚከለለው አዲሱ ነው፤ በጣውላ ወይም በሽቦ የታጠረች ጥግ ትበቃዋለች። ትልቁ በግቢው እንደ ልቡ ይሂድ። ሲሰለቸው የሚሸሽበት፣ ቡችላው የማይደርስበት ቦታም ይኑረው።

ሌላው፣ ቡችላውን በካርቶን ይዞ መጥቶ ትልቁ አፍንጫ ሥር አስቀምጦ «በሉ ተዋወቁ» ማለት ነው። ወዳጄ፣ ግቢው የእሱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ለምን መሰለህ? የመጀመሪያው ትውውቅ ከግቢው ውጭ ይሁን። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ መንገድ ላይ አይለቀቅም፤ ስለዚህ የታመመ ውሻ ያልነበረበት የዘመድ ወይም የጎረቤት ግቢ ፈልጉ። ትልቁን በገመድ ያዙት፣ ገመዱን ግን አታጥብቁት፤ የእናንተ እጅ ሲጨነቅ እሱም ይጨነቃል። ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው። ጎን ለጎን ወዲያ ወዲህ እያሉ ይሸታተቱ። ለመጀመሪያ ቀን ጥቂት ደቂቃ ትበቃለች።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጣ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው ከሚሸጡ ልጆች አንዲቷን አይቼ አላስቻለኝም። «ክትባቷን ጨርሳለች» አሉኝ። ቢበዛ ስድስት ሳምንት ቢሆናት ነው። የቡችላ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት አካባቢ ነው የሚያልቀው። የእብድ ውሻ በሽታው ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላት። ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩ ሰውዬ አመንኳቸው! በአምስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ። ፓርቮ ነው፤ ቡችላን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ። አላተረፍኳትም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወር ሳይሞላ ሌላ ቡችላ እዚያው ግቢ አስገባሁ። እሱም በሳምንቱ ሄደ። ሲሚንቶውን በበረኪና፣ ለአንድ እጅ በረኪና 30 እጅ ውሃ አድርጌ፣ አጥቤዋለሁ። አፈሩንስ? ፓርቮ አፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። የተከተበው ትልቁ ውሻዬ ምንም አልሆነም፤ ሁለቱንም ሲቀበሩ ቆሞ አየ። ግቢያችሁ ውስጥ ባለፈው አንድ ዓመት በፓርቮ የሞተ ካለ የምታመጡት ክትባቱን የጨረሰ ይሁን። የትልቁንም የክትባት ካርድ አውጡና ቀኑን እዩት፤ ያለፈበት ነው ብዬ እገምታለሁ።

በአንድ ሳህን ማብላትን በተመለከተ እኛን ሐበሾችን የሚያሳስተን ደግ ልባችን ነው። ለእኛ አንድ ትሪ መቅረብ ፍቅር ነው፣ ስንታረቅም አብረን እንበላለን። ለውሻ አንድ ሳህን ጥያቄ ነው፦ የማን ነው? ሁለት ሳህን፣ በሁለት ጥግ፣ በልተው ሲጨርሱ ሳህኑ ይነሳ። በተለይ በበዓል ተጠንቀቁ። በዐቢይ ጾም ብዙ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ አጥንት ይጠፋል። 55 ቀን እንጀራ ሲቅም የከረመ ውሻ ፊት፣ ሌላ ውሻ ባለበት፣ የፋሲካ በግ አጥንት ወርውሮ መሄድ ምን ይባላል? በፋሲካ ማግስት ስልኬ አያርፍም።

ሲናከሱ እጅ አይገባም። ግራ እጄ አውራ ጣት ሥር ያለው ጠባሳ ይመስክር። ባልዲ ውሃ ድፉባቸው፣ ብርድ ልብስ ጣሉባቸው። ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን ግን እንዳይተው።

«አርጅቷል፣ ወጣት ያነቃዋል» የሚሉኝ አሉ። አንዳንዱን እውነትም ያነቃዋል። ወገቡን የሚያመውን ግን ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ የሚዘል ቡችላ ያሰቃየዋል። መጀመሪያ ትልቁን አስመርምሩ። «ከትልቁ ሥራ ይማራል» የሚለውም እውነት ነው፤ ጃክ የጎረቤት ዶሮ የሚያሳድድ ከሆነ በወሩ ሁለት ዶሮ አሳዳጅ ይኖራችኋል።

ሁለት ሴት ከማስቀመጥ ወንድና ሴት ይሻላል። ወንድና ሴት ካደረጋችሁ ደግሞ አንዱን አስመክኑ። «አባቷ እኮ ነው፣ አሳድጓታል» አትበሉኝ፤ ውሻ ዘመድ አይቆጥርም። በስድስት ሰባት ወሯ ወንድ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ቆጥራችሁ ስምንት ቡችላ ታቅፋችሁ ትጠሩኛላችሁ።

በሁለት ቀን ተስፋ ቆርጦ ቡችላውን መመለስም አለ። ሳምንታት ስጧቸው። የተገላቢጦሹ ግን ብዙ ሰው ያታልላል፦ ወራት ተስማምተው ኖረው ቡችላው ሰባት ስምንት ወር ሲሆነው መናከስ ይጀምራሉ። ሕፃን እያለ ትልቁ ብዙ ነገር ይተውለት ነበር። አሁን ጎረምሳ ሆነ፤ ጎረምሳ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ሳህኑን ወደ መለየቱ፣ ለብቻ ለብቻ ወደ ማሳደሩ ተመለሱ።

እትዬ መጥረጊያውን አስቀመጡ፣ ጃክንም ፈቱት። እያጉረመረሙም ቢሆን። በሁለተኛው ወር ደወሉ።

«ዶክተር፣ ቡችላው የጃክን ቤት ቀማው። ጃክ ብርድ ላይ ነው የሚያድረው።»

«ሁለተኛ ቤት ያሠሩላቸው እትዬ።»

አናጢ ጠርተው አሠሩ፣ ቆርቆሮም አለበሱት። ባለፈው ለክትባት ስሄድ አሮጌው ቤት ባዶውን ቆሟል። ሁለቱም አዲሱ ውስጥ ተጨናንቀው ተኝተዋል፤ ጃክ ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው።