ልጅ እያሳደጉ ዌብሳይት መሥራት፦ ከደንበኛና ከወላጆች ግሩፕ ጋር በጽሑፍ እንዴት እንነጋገር?

በድሬዳዋ ከቤት ሆኖ ዌብሳይት የሚሠራ ወላጅ የሥራ ቀኑ የተቆራረጠ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የተጀመረ ሥራ ልጆችን ቁርስ አብልቶ ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ ይቋረጣል፤ ባጃጁ ልጆቹን ይዞ ከሄደ በኋላ ጥቂት ይቀጥላል፤ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ሲመለሱና ከከዚራ እስከ መጋላ ያለው ሱቅ ለዕረፍት በሩን ሲዘጋ እንደገና ይቆማል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይነሣል። በመካከሉ መብራት ሊሄድ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ አንዱ ልጅ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ከደንበኛም ሆነ ከልጆቻችን አስተማሪ ጋር የምናደርገው ንግግር አብዛኛው በቴሌግራምና በኢሜይል የሚደረግ ነው። ሁለት ልጆች እያሳደግሁ በዚህ መንገድ ስሠራ የተማርሁት ዋና ነገር መልእክትን እኔ በሌለሁበት ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጎ መጻፍን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚሁ የሚወጣ ነው።

ሰላምታና ጉዳይ በአንድ መልእክት

እኛ ዘንድ ሰላምታ የሌለው ንግግር እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «ሰላም ነሽ?» ብሎ ይልክና መልሱ እስኪመጣ ጉዳዩን ይዞ ይጠብቃል። ፊት ለፊት ሲገናኙ ይህ ያማረ ሥርዓት ነው፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን እኔ ሰላምታውን ያየሁት ልጆቹን ከላክሁ በኋላ፣ ደንበኛው መልሴን ያየው ደግሞ ገበያው ጋብ ሲልለት ከሆነ፣ ጉዳዩ ሳይነሣ ግማሽ ቀን ያልፋል። መፍትሔው ግን ሰላምታውን መተው አይደለም፤ ወደ ጉዳዩ ዘው ብሎ የሚገባ ባለሙያ የሚናገረው ትክክል ቢሆንም ሰው ያስቀይማል። ሰላምታውንና ጉዳዩን አስከትሎ በአንድ መልእክት መላክ ይበቃል።

መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ደንበኛዬ አንድ ማለዳ «ዌብሳይቱ አይሠራም» ብሎ ጻፈልኝ። የመለስሁለት መልእክት ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ዌብሳይቱን በስልክም በላፕቶፕም ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽና የጨርቆቹ ዝርዝር ይከፈታሉ፤ የማይሠራው ትእዛዝ የሚሞላበት ፎርም ብቻ ነው። ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ፤ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይስተካከላል። እስከዚያ ትእዛዝ እንዳያመልጥዎ የሱቁን ስልክ ቁጥር ገጹ አናት ላይ አውጥቼዋለሁ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ልጆቼ ዘንድ ስለምሆን መልስ አልሰጥም።»

ይህ መልእክት የሚሠራውንና የማይሠራውን ይለያል፤ መቼ እንደሚያልቅ፣ እስከዚያ ምን እንደተደረገና እኔ የማልገኝበትን ሰዓት ይናገራል። ደንበኛው የሚጠይቀው ነገር ስላልቀረው ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔም ወደ ምሳው ሄድሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በፊት አልጽፋትም ነበር፤ ልጅ እንዳለኝ ካወቁ ሥራውን የማላደርስ ይመስላቸዋል ብዬ እሰጋ ነበር። ዛሬ ግን ሳልደብቅ እጽፋታለሁ፤ ሰዓቱን አስቀድሞ ላወቀ ሰው የሦስት ሰዓት ዝምታ ምንም አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ግን በግማሽ ሰዓት ዝምታ ይጨነቃል።

ደንበኛው ብልሽት በሚነግረን ጊዜም በትሕትና የምንጠይቀው አራት ነገር ነው፦ የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደተጫነ፣ ምን የሚል ጽሑፍ እንደመጣ፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር። ስክሪንሾት ቢልክልን ከሁሉ ይበልጣል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚጨምቀው ጥቃቅኑ ፊደል ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እንደ ፋይል እንዲልከው ማሳየት ነው። የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከመጣ ደግሞ ቅር ሳይሉ ሰምቶ፣ «ከድምፁ የተረዳሁት ይህን ነው» ብሎ በሦስት መስመር መልሶ መጻፍ ይገባል። ከሳምንት በኋላ ክርክር ቢነሣ ሁለታችንም ፈልገን የምናገኘው ያንን ጽሑፍ ነው።

የዌብሳይቱን ፓስወርድ ግሩፕ ውስጥ ለሚለጥፍ ደንበኛ ቶሎ ብሎ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ፓስወርዱን ራሱን ወዲያው መቀየር፣ አዲሱን በስልክ መንገር፣ የመግቢያ ስሙን ብቻ በጽሑፍ መላክ ያስፈልጋል።

«እሺ» የሚለው ቃል

አማርኛችን ውስጥ እንደ «እሺ» የሚያደናግር መልስ የለም። «ሰምቻለሁ» ማለት ይሆናል፣ «ተስማምቻለሁ» ማለት ይሆናል፣ «አሁን እሠራዋለሁ» ማለት ይሆናል፤ አንዳንዴም እምቢ ለማለት አፍሮ የተጻፈ ነው። ዋጋ ልኬ «እሺ» የተባልሁበትን ሥራ ጀምሬ፣ ደንበኛው ገና ከወንድሙ ጋር እየተማከረ የቆየበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ወይም ቀነ ገደብ ላለው ጉዳይ «እሺ» ሲመጣ፣ «እንግዲያው ነገ ጠዋት እጀምራለሁ፤ ቅድሚያ ክፍያውን ዛሬ ይልካሉ ማለት ነው?» ብዬ አንድ ጊዜ አጸናለሁ። ከራሴም ወገን ቢሆን ያላለቀውን «አለቀ» አልልም፤ «ፎርሙ ተሠርቷል፤ ክፍያው ገና አልተሞከረም» እላለሁ። «እያለቀ ነው» የሚለውም ለአንዱ አንድ ሰዓት፣ ለሌላው አንድ ሳምንት ስለሆነ ከሥራ ንግግር ቢወጣ ይሻላል።

ሰዓትና ቀን

በዚህ ሥራ ብዙ ጉዳት የሚያመጣው የሰዓትና የቀን አጻጻፍ ነው። ድሬ ተወልዶ ጀርመን የሚኖር አንድ ደንበኛዬ በኅዳር ወር «ሐሙስ በ8 ሰዓት እንነጋገር» ብሎ ጻፈልኝ። አማርኛ ስለተነጋገርን በእኛው 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ማለቱ መሰለኝ፤ እሱ ግን ያሰበው የራሱን የጠዋት 8 ሰዓት፣ ማለትም የእኛን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። እኔ ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወስጄ ወረፋ ስጠብቅ እሱ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ቋንቋው አንድ መሆኑ ሰዓቱም አንድ ነው ብለን እንድናምን አደረገን።

ከዚያ ወዲህ ውጭ ላለ ሰው ሁልጊዜ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ «ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018፣ በአውሮፓ ኖቬምበር 25 ቀን 2025፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእናንተ 14:00»። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ አውሮፓ ግን በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ይቀይራል። ስለዚህ ከጀርመን ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ነው፤ ለወራት የቆየ የሳምንት ቀጠሮ በእነዚያ ሁለት እሑዶች ማግስት ስለሚዛነፍ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል። የሌሊት ቀጠሮም ሌላ ወጥመድ አለው። ለእኛ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለው ለውጭው ሰው ረቡዕ 01:00 ነው። ሰርቨር (ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) በሌሊት እናዘምናለን ስንል በዚህ የአንድ ቀን ስሕተት ሊመጣ ይችላል።

የሰርቨር መዝገብ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ለደንበኛ «ብልሽቱ የተፈጠረው በዚህ ሰዓት ነው» ስንል ከዩቲሲው 3 መቀነስ በቀጥታ የእኛን ሰዓት ይሰጠናል፤ 11:20 የሚል ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። ከ3 በታች ከሆነ አስቀድሞ 12 መደመር፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 መቀነስ ነው። መዝገቡን እንዳለ ቆርጦ ለደንበኛ መላክ ሰውየውን ሱቁ ባልተከፈተበት ሰዓት ምን ሆነ እያለ እንዲጨነቅ ያደርገዋል።

ቀንን በቁጥር ብቻ መጻፍ ከዚህ የከፋ ነው። «10/4» ብንል ለእኛ ታኅሣሥ 10፣ ለአውሮፓ ሰው ኤፕሪል 10፣ ለአሜሪካ ሰው ኦክቶበር 4 ነው። የወሩን ስም መጻፍ ሁሉንም ይፈታል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ግን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል፤ ይህ የአንድ ቀን ለውጥም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ስለዚህ በቃል አስልቶ ቃል መግባት አያዋጣም። ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካሌንደር በውስጣቸው ስለያዙ፣ ለደንበኛው የምንሠራለት ገጽ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ወሩን 12 ብቻ አድርጎ የሠራነው ፎርም ግን የጳጉሜን ልጅ የልደት ቀኗን እንዳትሞላ ይከለክላታል፤ የራሴ ሁለተኛ ልጅ በጳጉሜን ስለተወለደች ይህን አልረሳውም።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሰው ቶሎ ይቀራረባል፤ በዕድሜ የሚበልጥንም «አንተ» ብሎ መጥራት እንደ ንቀት አይታይም። ይህ የከተማችን ደግነት ነው። ጽሑፍ ግን የድምፃችንን ለዛ አይዝም፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ደንበኛ የጻፍነው «ላክልኝ» ትእዛዝ ይመስላል። ስለዚህ ራሱ «አንተ በይኝ» እስኪል ድረስ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «እርስዎ» እላለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፤ በስሙ ብቻ ወንድ ይሁን ሴት ያላወቅሁትን ሰው ከመሳሳት ያድነኛል። ዌብሳይቱ ራሱ ከተጠቃሚ ጋር ስለሚነጋገር እዚያም ላይ «አስገባ» ሳይሆን «ያስገቡ» ብሎ መጻፍ የተሻለ ነው።

ኢንተርኔት ለማይጠቀም ደንበኛ ኤስኤምኤስ ስንልክ በአንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ፊደል ብቻ እንደሚገባ ማስታወስ ያስፈልጋል። «ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እናደርሳለን» የሚለው በአንዱ ውስጥ ይበቃል።

የወላጆች ግሩፕ

የልጆቼ ክፍል የወላጆች ግሩፕ ከደንበኞቼ ሁሉ ይልቅ ይበዛብኛል። አስተማሪዋ አንድ ማስታወቂያ ትጽፋለች፤ ከሥሩ ሠላሳ «እናመሰግናለን» ይከተላል፤ ማታ ስከፍተው ማስታወቂያው ከእይታ ርቋል። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ልጄን ትምህርት በሌለበት ዕለት ደብተር አሲዤ ልኬ በተዘጋ በር ፊት ቆማ አገኘኋት። ግሩፑን ለሚያስተዳድረው ወላጅ በግል ጽፌ፣ የአስተማሪዋ ማስታወቂያ ሁልጊዜ ከላይ እንዲሰካ፣ ምስጋናውም በልብ ምልክት ብቻ እንዲሆን ጠየቅሁ፤ በደስታ ተቀበለው። ይህን በግሩፑ ፊት ብጽፈው ኖሮ ያመሰገኑት ሁሉ በተቀየሙኝ ነበር። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ያሰብሁትን ጥያቄ ደግሞ የመላኪያውን ምልክት ተጭኜ በመያዝ ለጠዋት 1 ሰዓት እቀጥረዋለሁ፤ አስተማሪዋም እናት ናት።

በግሩፕ ውስጥ የልጆች ፎቶ ሲላክ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀደም ብዬ ስክሪንሾት እንደ ፋይል ይላክ ያልሁት ለሥራ ነው፤ በስልክ የተነሣ የልጅ ፎቶ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ፎቶው የተነሣበት ቦታ በውስጡ ተመዝግቦ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የልጅ ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ ብቻ ይላክ፤ ሌላ ልጅ ካለበትም የዚያን ልጅ ወላጅ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በር ላይ የቆመ ልጅ

በድምፅ ወይም በቪዲዮ መነጋገር ግድ ሲሆን ልጆችን «ዝም በሉ» ማለት ብቻ አይሠራም፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳይቼ «ረጅሙ እጅ 6 ላይ ሲደርስ እወጣለሁ» እላለሁ፤ በተባለው ጊዜም እወጣለሁ፤ ንግግሩ ካላለቀ እንኳ ደንበኛውን አንድ ደቂቃ አስፈቅጄ አዲሱን ሰዓት ለልጆቹ አሳይቼ እመለሳለሁ። ከመጀመሬ በፊት ውኃና ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ አብዛኛው ጥሪ ለውኃ ነውና። ደም፣ እሳት ወይም በር ላይ የማያውቁት ሰው ካለ ግን ሳያንኳኩ እንዲገቡ ተስማምተናል። ልጅ ገብቶ «እማዬ» ካለም ድምፁን አጥፍቶ መቆጣት አያስፈልግም፤ «ይቅርታ፣ ልጄ ናት፤ አንድ ደቂቃ» ማለት ይበቃል፤ እስካሁን ቅር ያለው ደንበኛ አልገጠመኝም።

ንግግሩ እንዳለቀ፣ ልጆቹ ዘንድ ከመሄዴ በፊት፣ የተስማማንበትን በአራት መስመር ጽፌ እልካለሁ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት እንደሚከፈል። ይህን ለማታ ካቆየሁት ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ግማሹን እረሳዋለሁ።