የክረምቱን ድባቴ የተሻገርኩት እንዲህ ነው

ሐምሌ ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ጉሙ ከደጅ አይነሳም። ሦስት ክረምት ሙሉ ከባናው ሥር መውጣት አቃተኝ፤ ምግብ አስጠላኝ፣ ሰው ሸሸሁ። ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ሐኪም ግን «ድባቴ ነው፤ ይታከማል» አለችኝ።

ከሕክምናው ጋር በጣም የረዳኝ የጠዋት ብርሃን ነው። ሰማዩ ቢደምንም የደጅ ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሰውነታችንን የእንቅልፍ ሰዓት የሚያስተካክለውም እሱ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ እምብዛም በማትታይባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች አንዳንድ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚያበራ መብራት ፊት ይቀመጣሉ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ በየጠዋቱ 30 ደቂቃ እራመዳለሁ።

ጎረቤቴ ቡና ሲያፈሉም ከመሄድ አልቀርም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንባዬ መጣ፤ ምንም ሳይጠይቁ የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ።

ቀጠሮዬን አላቋረጥኩም። ዘንድሮ ለቡሄ ሙልሙሉን የጋገርኩት እኔ ነኝ።